ችግኙስ ተቆጠረ፤ ግማቱን ማን ይቁጠርልን?

«ወሬ ሲነግሩህ ሀሳብ ጨምርበት» ይላል ያገሬ ሰው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በ12 ሰዓት ውስጥ 353 ሚሊዮን 633 ሺህ 660 ችግኝ ተተከለ ሲሉን፣ እኛም ሀሳብ ጨመርንበት። በሰዓት ከ29 ሚሊዮን በላይ፣ በሰከንድ ደግሞ ከ8 ሺህ በላይ ይመጣል። አንባቢ ሆይ! ይህችን መስመር አንብበህ እስክትጨርስ 40 ሺህ ችግኝ ተተክሎ፣ ተቆጥሮ፣ ሪፖርት ተደርጓል ማለት ነው። አቤት ፍጥነት! ሚሊዮኑስ ይሁን፤ ያቺን መጨረሻ ላይ የተንጠለጠለች ስልሳ ማን አያት? የሚገርመው በዚያው በ2011 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራው «ሁኔታው አይፈቅድም» ተብሎ ለሌላ ጊዜ መተላለፉ ነው። ችግኝ በአንድ ጀንበር ይቆጠራል፤ ሰው ግን አይቆጠርም። ምን ይደረግ? ሰው አፍ አለው፤ ችግኝ የለውም።

ከዚያ ወዲህማ ቁጥሩ እርሾ እንደገባበት ሊጥ ነው። ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ566 ሚሊዮን በላይ ተባለ።

ደግሞ ዛፍ ጠላ ብላችሁ እንዳትቀየሙኝ። አዲስ አበባ ዛሬ ያለችበት ቦታ የቀረችው በባሕር ዛፍ ነው። ምኒልክ ማገዶ አልቆባቸው መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ እየተሰናዱ ነበር። ዛፍ ባለውለታችን ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድም አካፋ ቢይዙ ጠመንጃ ከመያዝ ይሻላል እንላለን። ነገር ግን ሠርግ የደገሰ ሁሉ ትዳር አያቆምም፤ ችግኝ የተከለም ሁሉ ዛፍ አላበቀለም። «ይህን ያህል በመቶው ጸድቋል» ይሉናል። የተከለው መንግሥት፣ የቆጠረው መንግሥት፣ «ጎበዝ!» ብሎ ያጨበጨበውም መንግሥት! ተማሪው የራሱን ፈተና ራሱ አርሞ አንደኛ የወጣበት ትምህርት ቤት የት ታይቶ ያውቃል?

ወደ ወንዙ እንምጣ። ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በምኒልክ ቤተ መንግሥት አንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የከፈለበት እራት ተበልቶ ነበር፤ «ገበታ ለሸገር»። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ በ29 ቢሊዮን ብር ሊዋብ ነው ተባለ። ፓርኮች ተሠርተዋል፣ አንክድም፤ እንጦጦ ወጥተን ፎቶም ተነስተናል። ግን ወንዝ ዳርና ዳሩን ኩል ስለተኳለ አይድንም። የሚሄደው ከላይ ወደ ታች ነው። ፎቶ የሚነሳው ላይ ነው፤ ግማቱ የሚወርደው ታች ነው። የፋብሪካው ፍሳሽ፣ የሽንት ቤቱ ቱቦ፣ የጋራዡ ዘይት አንድ ላይ ተቀላቅሎ አቃቂ ሲደርስ ውሃ ነው ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማበታል። ተመራማሪዎች በአትክልቱ ውስጥ ክሮሚየም፣ እርሳስና ካድሚየም ማግኘታቸውን ደጋግመው ጽፈዋል። ጎመኑ ታዲያ ታች አይቀርም፤ በማዳበሪያ ተጠቅጥቆ ወደ ከተማው ገበያ ይመለሳል። እንግዲህ ስለ ወንዙ እራት የሚበሉ አሉ፤ የወንዙን እራት የምንበላ ደግሞ እኛ አለን። የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ ማለት ይሄ አይደለም እንዴ?

ሕግ ጠፍቶ ነው እንዳትሉ። በሕግ ሀብታሞች ነን! የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖር መብታችሁ ነው ይላል። አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ያጽዳ፣ ወይም የማጽጃውን ይክፈል ብሏል። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ደግሞ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታልን ከልክሏል። (ጉሊት ላይ ሚሊ ሜትር የሚለካው ማን እንደሆነ ግን አዋጁ አልነገረንም።) ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ ፌስታልን የሚከለክል ሌላ አዋጅ ጸደቀ። የመጀመሪያው ቢሠራ ኖሮ ሁለተኛው ለምን ያስፈልግ ነበር?

መሥሪያ ቤቱንስ አይታችሁልኛል? በ1987 ዓ.ም. የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ሆኖ ተወለደ። በ2005 ሚኒስቴር ተባለ። በ2011 ኮሚሽን ሆነ። በ2014 ተመልሶ ባለሥልጣን! ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት። ከሁሉም የተጠቀመው ታፔላ ጻፊው ሳይሆን አይቀርም።

እስካሁን የሳቅነው ይበቃናል። ቆሼ የሚባል ቦታ አለ። ከተማው ሙሉ ቆሻሻውን ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሲከምርበት የኖረ ተራራ ነው። በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ ይሂድ ተባለ። የሰንዳፋ አርሶ አደሮች መሬታችንና ውሃችን ተበከለ ብለው ሲነሱ በወራት ውስጥ ቆመና መኪናው ሁሉ ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ተራራው ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ። ሴቶችና ሕፃናት ይበዙበታል። ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። በነሐሴ 2010 እዚያው ረጲ ከቆሻሻ ኃይል ያመነጫል የተባለው ፋብሪካ ሪባን ተቆረጠለት። ሪባኑን የቆረጡትን አየን፤ ያ ክምር እዚያ ደረጃ እስኪደርስ ዝም ያሉት ባለሥልጣናት ግን እነማን ናቸው? ለመሆኑ ስማቸው ተነግሮን ያውቃል?

ስለዚህ ልመናችን አጭር ነው። በየክረምቱ የችግኙን ቁጥር በዜና ስታነቡልን፣ ከሥሩ ሦስት መስመር ጨምሩልን። አንደኛ፣ አምና የተተከለው ስንቱ እንደጸደቀ፣ መንግሥት ያልሆነ ሰው ቆጥሮት። ሁለተኛ፣ ፍሳሹን ሳያጣራ ወንዝ ውስጥ የሚለቅ ፋብሪካ ስምና የከፈለው ቅጣት፤ የመንግሥትም ይሁን የባለሀብት። ሦስተኛ፣ የአቃቂ ውሃ ተመርምሮ የተገኘበት ውጤት። በሰከንድ 8 ሺህ ችግኝ ለሚቆጥር መንግሥት ይህ የሻይ እረፍት ሥራ ነው።

ችግኝ ቢደርቅ በሚቀጥለው ሐምሌ ሌላ ይተከላል። ቆሼ ሥር ለቀሩት ግን ምትክ የሚተከልበት ሐምሌ የለም።