የነጋዴ ገድና የነጋዴ ብልሃት

አንድ ነጋዴ ሲከብር ሰው ሁሉ «ገዱ ነው» ይላል፤ ሲከስር ግን «ስለ ሰነፈ ነው» ይላል። በውነቱ ይህ ፍርድ የቀና አይደለም፤ ዕድል በማግኘት ጊዜ ብቻ የሚነቃ፣ በማጣት ጊዜ ግን የሚተኛ ነገር አይደለምና። ልጁን በንግድ ሥራ ለማሰማራት የሚያስብ አባት ወይም ለልጅዋ የመቋቋሚያ ገንዘብ የምትሰጥ እናት ይህን ነገር አስቀድመው ቢመረምሩት ለቤተ ሰቡ ሰላም እጅግ ይጠቅማል ብለን ስለምናምን፣ ከአገው ምድር ምሳሌ እያመጣን ጥቂት ቃል እንናገራለን።

ጫግኒ ከእንጅባራ ደጋ ወደ መተከል ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ የተቀመጠች የገበያ ከተማ ናት። የደጋውና የቆላው ሰው በመካከልዋ ይገናኛል፤ አንዱም የሌለውን ከሌላው ይሸምታል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ ምድር በዓባይ ወንዝ ላይ የታላቁ ግድብ የመሠረት ድንጋይ በተጣለ ጊዜ፣ በእንጅባራና በጫግኒ አድርጎ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ የሥራና የጭነት መመላለሻ ሆነ። የጫግኒ ባለ ሱቅ ይህን ነገር አላሰበውም፣ አላቀደውም፤ ለእርሱ ፍጹም ዕድል ነው። ዳሩ ግን ዕድሉ በመንገዱ ዳር ለነበሩት ሁሉ በአንድነት ከመጣ ዘንድ፣ አንዱን ከሌላው የሚለየው ምንድን ነው? መንገደኛው የሚሻውን ጠይቆ ማወቅ፣ ሚዛን አለማጉደል፣ ያበደሩትንና የተበደሩትን በመዝገብ መጻፍ ነው። ከዚህም በላይ የግንባታ ሥራ ፍጻሜ ያለው መሆኑ ከመጀመሪያው ቀን የታወቀ ነበረ፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ያን ቀን አስቀድሞ አስቦ ገንዘቡን ወደ ሌላ ሥራ የመለሰ ነጋዴ ብልህ ይባላል።

ዕድል ከሩቅ አገርም ይመጣል። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. በብራዚል አገር የወረደው ውርጭ የቡናውን ተክል ስላቃጠለው፣ ሁለት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የዓለም የቡና ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። በዚያ ሰሞን ቡና በመጋዘኑ የተገኘ ነጋዴ ሁሉ ያለ አንዳች ጥበብ አተረፈ፤ ጥበቡ እንደ ሆነ አድርጎ ለልጆቹ ሳያወራ የቀረው ግን ብዙ አይመስለንም።

ክፉ ዕድልም እንዲሁ ሳይጠራ ይመጣል። በ2013 ዓ.ም. በመተከል በደረሰው ግፍ ምክንያት አያሌ ሺህ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወደ ጫግኒ ተሰደዱ፤ ራንች በተባለውም ስፍራ ተጠለሉ። እንዲህ ባለ መከራ ሱቁን ያጣውን ሰው «ብልሃት ጐደለው» ብሎ የሚናገር ቢኖር አፉን ቢይዝ ይሻለዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ግን ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ያለችው የፋግታ ለኮማ ነገር ነው። የዚያ አገር አፈር በአሲድ ተጐድቶ እህል መስጠቱ እያነሰ ቢሄድ፣ ገበሬዎቹ ከአውስትራልያ የመጣውን ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተከሉ። ዛፉ ከብርዱና ከአፈሩ ጋር መስማማቱ ዕድል ነው። የቀረው ግን ሁሉ የእነርሱ ጥበብ ነው፤ ችግኙን በተከሉበት ዓመት በመካከሉ ጤፍ ይዘራሉ፤ ቀጥሎም ሣሩን ለከብት ያጭዳሉ፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቈርጠው ከሰል ያከስላሉ፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይሸጣል። ዛፉ አፈሩን ስለሚያድሰው ደግሞ ዳግመኛ እህል ይዘሩበታል።

በ2010ዎቹ ዓመታት ግን ዝገት የሚመስል የቅጠል በሽታ ወርዶ ብዙውን ተክል አደረቀው። እንግዲህ ሁለት ጐረቤታሞች ነበሩ እንበል። አንደኛው መሬቱን ሁሉ በዛፍ ሸፍኖ፣ በመጪውም ከሰል ተማምኖ ተበድሮ ቤት ሠራ። ሁለተኛው ግን እኩሌታውን ለገብስና ለድንች አስቀርቶ ከትርፉም ጥቂት አኖረ። በሽታው ለሁለቱም እኩል መጣ፤ ያልወደቀው ሁለተኛው ነው። ነገር ግን በሽታው ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት ብንጠየቅ ኖሮ፣ ሁላችን የምናመሰግነው የፊተኛውን ነበረ፤ ትርፉ ይበልጥ ነበረና።

በየቤታችንም የሚሆነው ይኸው ነው። የቀናው ወንድም በማዕድ ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ያልቀናው እንደ ገደ ቢስ ይቈጠራል፤ ሚስቱም አብራው ታፍራለች። ወላጅ በዓመቱ መጨረሻ «ስንት አተረፍህ?» ብሎ ብቻ ቢጠይቅ ዕድልን መሸለም ይሆንበታል። ይልቁንስ «ይህን ዕቃ የገዛኸው ምን አይተህ ነው? ዋጋው ቢወድቅስ ምን ይተርፍህ ነበረ? እስቲ መዝገብህን አሳየኝ» ይበለው። አትርፎ መልስ ያጣው ልጅ ገንዘብ አይጨመርለት፤ ከስሮ መልስ ያለው ልጅ ሁለተኛ ይሰጠው። ይህን ማድረግ ለአባት ልብ ከባድ መሆኑን እናውቃለን።

መቋቋሚያውን ከመስጠት በፊት ልጁን በትንሽ ዕቁብ ማስገባት መልካም ፈተና ነው። ዕጣው ማን አስቀድሞ እንደሚወስድ ይለያል እንጂ የገንዘቡን ልክ አይለውጥም፤ የዕቁቡ ዳኛም ዕጣ የወጣለትን ሰው ዋስ ሳያስጠራ ገንዘቡን አይሰጠውም። እንግዲህ ዕጣው በሁለተኛው ሳምንት ለልጁ ቢወጣለት፣ አባቱ ምንም ሳይናገር እስከ መጨረሻው ሳምንት ያለ ቀሪ መክፈል አለመክፈሉን ይመልከት።