ሾፌር አልባው ታክሲና አራቱ ደረጃዎች

«መጪው ዘመን ለአካል ጉዳተኛው ብሥራት ይዟል፤ ሾፌር አልባው ታክሲ ከደጁ መጥቶ ያነሣዋል» የሚል ስብከት በዝቷል። ሰባኪዎቹን የምነቅፋቸው በማሽን በማመናቸው አይደለም፤ የሰውን ጥፋት በማሽን አለመኖር በማሳበባቸው ነው።

እስቲ ብሥራቱን ከምንጩ እንመርምረው። ከጎግል ማሕፀን የወጣው ዌይሞ በአሜሪካዋ ፊኒክስ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ሕዝብን ያለ ሾፌር ያመላልሳል። ከተሽከርካሪ ወንበሩ ሳይወርድ ለመጓዝ ለሚሻ ሰው ግን እስካሁን ሲመደብለት የኖረው ሰው የሚነዳው መኪና ነው። መሪውን ለመተው የተቻለው ብልህ መሣሪያ፣ መወጣጫ ዘርግቶ ወንበሩን በቀበቶ ማሰር አልሆነለትም። በአንጻሩ የለንደን ጥቁር ታክሲዎች እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ሁሉም ተሽከርካሪ ወንበር የማስገባት ግዴታ አለባቸው። ይህን ያመጣው ረቂቅ ጥበብ ሳይሆን ሕግና አንዲት ተዘርጊ መወጣጫ ናት።

ሕግስ እኛ ዘንድ መች ጠፋ? የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ያዛል። አገራችን በ2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 9 ትራንስፖርትን በስሙ ይጠራል። አዋጁ ይህን ይበል እንጂ እኔ በምሠራበት ባንክ በር ላይ አራት ደረጃዎች ተደርድረዋል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ደንበኛ ሲኖር ቅጹን ይዤ ወደ መንገድ እወጣለሁ፤ እርሱም አላፊ አግዳሚ እያየው ብሩን ጉልበቱ ላይ ይቆጥራል። ምሥጢር ጠባቂ የተባለው ባንክ የአንዱን ሰው ምሥጢር ብቻ አደባባይ ያወጣዋል!

ጉዞውም ያው ነው። ከወልቂጤም ሆነ ከቡታጅራ ለመሳፈር ሲመጣ ወንበሩ ታጥፎ እንደ ዕቃ ፖርቶመጋላ ላይ ይጫናል፤ ሰውየው በረዳቱ ክንድ እንደ ኩንታል ይነሣል። ባጃጁ ዝቅ ቢልም ሰውን ከነወንበሩ አይችልም። በ2008 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር እንኳ፣ የአሳንሰሮቹ መቆም የዘወትር እሮሮ ሆኖ ኖሯል።

«ድሃ ነን» የሚለኝ ወገን የጉራጌን ታሪክ ዘንግቷል። በ1950ዎቹ አባቶቻችን በአዲስ አበባ ነግደውና ለፍተው ያገኙትን እያዋጡ፣ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቁመው ወደ ቤተ ጉራጌ መንገድ አስገብተዋል። ከመርካቶ ጥሪት መንገድ ያወጣ ሕዝብ ለአንድ መወጣጫ የሚሆን ሲሚንቶ አጣ ቢሉኝ አላምንም። ያጣነው ያንን ሰው ከመንገደኛ የሚቆጥር ዓይን ነው።

ስለ ነገ እንነጋገር ካላችሁም ነገ ከደጃችን ቆሟል። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ አሮጌው በአዲስ መተካቱ አይቀርም። እንግዲያስ ዛሬ የሚገዛው ሚኒባስና አውቶቡስ ወለሉ ዝቅ፣ በሩ ሰፋ ያለ ይሁን ማለት ቅንጦት ነውን? ዛሬ ያላዘዝነውን በር ነገ ማንም አይከፍትልንም።

ያለ ነጂ ሚሄድ ሠረገላ መጣ፤
ሰው እንዴት ይሳፈር ከደጁ ሳይወጣ?
ተራራውን ንዶ መንገድ ላወጣ ክንድ፣
አራት ደረጃ ነው ያቃተው ለመናድ?