ነፋስ ስልክን አየናት

ከገጠር መጥተን አዲስ አበባ፣ ነፋስ ስልክ ወረድን። መኪናው ብዛቱ! ድሮ ሰፈሩን ሰው ጠይቀን ነበር የምናገኘው። አሁን መንገድ ዳር የተጻፈውን ራሳችን አነበብነው፦ ነ-ፋ-ስ ስ-ል-ክ። «ነፋስ ደግሞ ምን ስልክ አለው?» ብለን ሳቅን። ለካስ ሽቦ የሌለው ስልክ ማለት ኖሯል። ወሬው በአየር ሲሄድ ጊዜ፣ ሰው የነፋስ ስልክ አለው።

እንዲህ ያለ መልእክት መጀመሪያ ባሕር የተሻገረው በዌልስ አገር፣ በካርዲፍ ከተማ አጠገብ ነው። ማርኮኒ የሚባል ጣሊያናዊ በ1889 ዓ.ም. ሞከረው፤ ዓድዋ ድል በሆነ በዓመቱ መሆኑ ነው። ከደሴት እስከ ዳርቻ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደ።

ማታ እኛም በሞባይል «በሰላም ገባን» ብለን ወደ ቤት ጻፍን። መልሱ መጣ፦ «ላሚቱ ታማለች፤ ቶሎ ኑ።» ድሮ ቢሆን አንባቢ እስክናገኝ ስንት ቀን ባለፈ ነበር! ሲነጋ አውቶቡስ ተሳፈርን።