ዳቦና አይብ ለጓደኛ ያንሳል እንዴ?

ስድስት ጓደኛሞች ነን፤ እሁድ እሁድ በየተራ ቤታችን እንገናኛለን። አንዷ ተራዋ ሲደርስ ድምጿ ጠፋ። «ኮራችብን» ብለን አማናት። ለካስ እጅ አጥሯት ኖሯል! የእኔ ተራ ሲደርስ ቤቷ ድረስ ሄጄ ጠራኋት፤ ሆን ብዬም ዳቦና አይብ ብቻ አቀረብኩ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፦ የእኛ አይብ እንደ ፎርማጆ አይቀልጥም። ዳቦ ላይ አድርጋችሁ ብትጠብሱት ይደርቃል እንጂ አይለጠጥም፤ በራሴ ደርሶብኛል! ይልቅ ዳቦውን በስሱ ቆርጣችሁ በደረቅ መጥበሻ ሁለቱንም ጎን ጠበስ አድርጉት። አይቡን ውሃውን አጥልላችሁ በአንድ ማንኪያ የቀለጠ ንጥር ቅቤ፣ በደቃቁ በተከተፈ ቃሪያ፣ በጨውና በትንሽ ሚጥሚጣ ለውሱት። የምትቀቡት ግን እንግዳው ሲደርስ ነው፤ ቀድማችሁ ከቀባችሁት ዳቦው ይርሳል። ለስድስታችን ግማሽ ኪሎ አይብ በቅቶናል።

ያቺ ልጅ ሦስተኛውን ቁራሽ እያነሳች «ይቺንማ እኔም አላጣትም» አለች። የሚቀጥለው እሁድ እሷ ቤት ነን። እናንተስ? በድግሳችሁ ብዛት ያራቃችሁት ጓደኛ የለም?