የልጅ ኢያሱ ፎቶ፦ «ሰለመ» ያለው ማን ነበር?

ልጅ ኢያሱ ጥምጥም አድርጎ የሚታይበት አሮጌ ፎቶ በፌስቡክና በቴሌግራም በየጊዜው ይዘዋወራል። ከሥሩም «ሙስሊሙ ንጉሥ» የሚል ጽሑፍ አይጠፋም። ከሚያጋሩት ብዙዎቹ የተዘነጋ ታሪካችንን ለማስታወስ ያሰቡ ወንድሞችና እህቶች ናቸው። ሆኖም ይህ አባባል ከየት እንደመጣ ማጤን ይገባል።

ኢያሱ ከሥልጣን ከመውረዱ በፊት በነበሩት ወራት በሐረርና በድሬዳዋ ከሙስሊም ባላባቶች ጋር ይቀራረብ ነበር። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ል መኳንንቱ አዲስ አበባ ላይ ሲሽሩት ዋናው ክስ «ሰልሟል» የሚል ነበር። ጥምጥም ያደረገበት ፎቶም ለዚሁ ክስ ማስረጃ ሆኖ እንደተሰራጨ ይነገራል። ፎቶው የተቀነባበረ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነተኛ ነው የሚሉም አሉ።

እውነተኛ ቢሆን እንኳ የሚመሰክረው ስለ ልብሱ ብቻ ነው። ጥምጥም በሐረርና በድሬዳዋ የአገሬው ሰው አለባበስ ነው፤ ኢማን ደግሞ በካሜራ አይነሳም።

የያኔዎቹ ከሳሾች ስሌት ግልጽ ነበር፦ ከሙስሊም ጋር ማዕድ የቆረሰ መሪ ሃይማኖቱን ለውጧል። እኛም ፎቶውን በኩራት «ሙስሊሙ ንጉሥ» ብለን ስንለጥፍ ያንኑ ስሌት እናጸድቃለን። ሙስሊሙን እንደ ባዕድ ሳይሆን እንደ አገሩ ሰው ለመቀበል የሞከረ የክርስቲያን ዘውድ ወራሽ መኖሩ ግን ይረሳል። መብታችንን የሚያከብር መሪ የግድ ሙስሊም መሆን አለበት ያልን ያህል ነው።

ነገሩ በኢያሱ ብቻ አያበቃም። በድሮ ፖስት ካርዶች ላይ ስም የነበራቸው እናቶቻችን «የሶማሌ ሴት» ተብለው ብቻ ቀርተዋል። ዛሬም ከመጋላና ከከዚራ ቤቶች የወጣ የሠርግ ወይም የሐጅ ሽኝት ፎቶ በስልክ ተነስቶ ሲሰራጭ ከጀርባው የተጻፈው ስምና ዓመት ይቀራል። ባዶውን ቦታ የሚሞላው ያገኘው ሰው ነው፤ አንዱ ለኩራት፣ ሌላው ለጠብ።

ስለዚህ አልበም ያለን ሰዎች ታላላቆቻችን በሕይወት ሳሉ ማን፣ የት፣ መቼ እንደሆነ ጠይቀን እንጻፍ፤ የፎቶውንም ጀርባ አብረን እናንሳ። ሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ የመጣልንን ወሬ እንድናጣራ ያዘናል። ፎቶም ወሬ ነው። አጣርተን እናጋራ።