የመኪና ማራገቢያ ቅንጦት ነውን?

በየመሥሪያ ቤቱ የመኪና ጥገና ሲጠየቅ ፍሬንና ጎማ ይቀድማሉ፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሜካኒኮች «ፋን» የሚሉት የማሞቂያውና የማቀዝቀዣው ማራገቢያ ሲቆም የምቾት ጉዳይ ነው ይባልና ጥያቄው በመዝገብ ውስጥ ይተኛል። ይህ አስተሳሰብ ለሜዳ አገር ምናልባት ያስኬድ ይሆናል፤ ለሰሜን ጎንደር ደጋ ግን አደገኛ ነው።

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣ መኪና ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ይደርሳል። ከደባርቅ ወዲያ ደግሞ ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ለመኪና የቀደደው የሊማሊሞ ቁልቁለት አለ። በክረምት ጉሙ ከገደሉ ሲነሣ ውጪው ይቀዘቅዛል፤ የተሳፋሪው እስትንፋስና የረጠበው ጋቢም የመኪናውን ውስጥ በእርጥበት ይሞላዋል። ይህ እርጥበት በቀዝቃዛው የፊት መስተዋት ላይ ያርፍና የነጂውን ዐይን ይጋርዳል። መስተዋቱን የሚያደርቀው ከውጪ ገብቶ፣ ሞቆ ወደ እርሱ የሚነፍሰው አየር ነው፤ ማቀዝቀዣውም አብሮ ቢከፈት አየሩ ይበልጥ ይደርቃል። ማራገቢያው ከሌለ ግን ነጂው ባንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ጨርቅ ይዞ በገደል አፋፍ ይጠማዘዛል። መኪናው ወደ መተማ ቆላ ሲወርድም ቀዝቃዛውን አየር የሚያደርሰው ይኸው ማራገቢያ ነው። እንግዲህ ይህን ቅንጦት ማለት ይቻላልን?

ሌላው ጉዳት ምክንያቱ ሳይታወቅ ዕቃ መለወጥ ነው። ማራገቢያው በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ የሚነፍስ ከሆነ፣ በብዙ መኪኖች የተቃጠለው ሞተሩ ሳይሆን ፍጥነቱን የሚመጥነው ትንሹ ሬዚስተር ነው። ጨርሶ የማይነፍስ ከሆነ መጀመሪያ ፊውዙ፣ ቀጥሎም ሪሌውና የሽቦው መጋጠሚያ ይመርመር፤ ኤሌክትሪኩ እስከ ማራገቢያው ሞተር ደርሶ ሳለ ካልዞረ፣ ያን ጊዜ ሞተሩ ይለወጥ። ድምፁ እየተሰማ ነፋሱ ከደከመ፣ አየሩን የሚያጣራው ፊልትሮ በአቧራ ተደፍኖ ይሆናል። ነፋሱ ደኅና ሆኖ አልሞቅ ካለ ግን ጥፋቱ የማራገቢያው አይደለም፤ የራዲያተሩ ውሃ ጎድሎ ወይም ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቶ እንደ ሆነ ይታይ።

ከሁሉ የሚከፋው በተቃጠለ ፊውዝ ፈንታ የመዳብ ሽቦ ወይም ከልኩ የበለጠ ፊውዝ መክተት ነው። ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው፤ እርሱን ማሳለፍ ዘበኛውን አስሮ በሩን ለሌባ እንደ መክፈት ያለ ነው። ያረጀው ሞተር መዞር ከብዶት ብዙ ኤሌክትሪክ ሲስብ ሽቦው ይግላል፤ ከዳሽቦርዱም ሥር እሳት ሊነሣ ይችላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምክር ለዚህም ይሠራል።

የጥገና ወረቀት የምትፈርሙ ወጣት ሠራተኞች ሆይ፣ «ፋን ተበላሽቷል» የሚል አንድ መስመር አይብቃችሁ። በየትኛው ፍጥነት ይነፍሳል? ፊውዙስ ታይቷልን? ብላችሁ ጠይቁ፤ መኪናውን ዕለት ዕለት የሚይዘውን ነጂም አዳምጡ። ነገ በእነርሱ ወንበር የምትቀመጡ ተማሪዎችም «ምን ይለወጥ?» ከማለት በፊት «ለምን ቆመ?» ማለትን ከአሁኑ ልመዱ። ሥራውም ክረምት ሳይገባ በግንቦት ይለቅ። በሊማሊሞ ላይ ጉም ከወረደ በኋላ የሚፈረም ወረቀት ለነጂው አይደርስለትም።