ከተሞች ልምድ ሲለዋወጡ፤ ከውቤ በረሃ ደጃፍ የሚታየው እውነታ

ከቃሊቲ ተነስቶ በዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ እንዲያበቃ የተዘረጋው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የሰሜን ደቡብ መስመር በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር ከውቤ በረሃ ጥቂት የእግር መንገድ ርቀት ላይ ዘመናዊ የባቡር ማቆሚያ ተገኘ። አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በኅዳር 2009 ዓ.ም.፣ ሲ 40 በመባል የሚታወቀው የዓለም ታላላቅ ከተሞች ኅብረት ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ባካሄደው የከንቲባዎች ጉባኤ የባቡር ፕሮጀክቱ በትራንስፖርት ዘርፍ ተሸላሚ ሆነ። ይህ ሽልማት ከተሞች ከሌሎች ከተሞች ምን ይወስዳሉ፣ የወሰዱትንስ እንዴት ያቆያሉ ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መነሻ ነው።

ሲ 40 የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 የወቅቱ የለንደን ከንቲባ ኬን ሊቪንግስተን የ18 ከተሞችን ተወካዮች ስለአየር ንብረት ለውጥ እንዲመክሩ በጠሩበት ጊዜ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የተባበሩት ከተሞችና የአካባቢ መንግሥታት የተሰኘው ዓለም አቀፍ ድርጅት ተመሥርቷል። የእህትማማች ከተሞች ስምምነቶችም አሉ፤ አዲስ አበባ ከጀርመኗ ላይፕዚግ ጋር እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ እንዲህ ዓይነት ግንኙነት አላት። የእነዚህ መድረኮች ዋነኛ ጥቅም አንድ የመንገድ መሐንዲስ ወይም የቆሻሻ አያያዝ ኃላፊ ተመሳሳይ ችግር ከገጠመው የሌላ አገር ባልደረባው ጋር በቀጥታ እንዲነጋገር ማስቻላቸው ነው።

አራዳ ግን ከውጭ የመጣ ሐሳብ ሲፈተንበት የኖረ ሠፈር በመሆኑ ጉዳዩ ለአካባቢው አዲስ አይደለም። ፒያሳ የሚለው ስም ራሱ በጣሊያንኛ አደባባይ ማለት ነው። በፋሽስት ወረራ ዘመን የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ ተወስዶ የዛሬው መርካቶ እንዲመሠረት የተደረገው በዘር የተከፋፈለች ከተማ ለመገንባት በወጣ ፕላን ነው። ያ ሐሳብ በምክክር ሳይሆን በጠመንጃ የመጣ ነበር። ከነጻነት በኋላ እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ እ.ኤ.አ. በ1956 ያዘጋጁት ማስተር ፕላን ለንደንን ያጠኑበትን የቀለበት መንገድና የመንደር አከፋፈል ሐሳብ ይዞ መጣ። ሆኖም የከተማዋ ቀለበት መንገድ ግንባታ የተጀመረው ከ40 ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። ባለቤት ያጣ ሐሳብ ምን ያህል ሊዘገይ እንደሚችል ከዚህ መገመት ይቻላል። ስያሜውን ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ያገኘው ውቤ በረሃ በበኩሉ በማንም ፕላን ላይ ሳይታሰብ በነዋሪውና በጎብኚው ስሙን ተክሏል።

በቅርብ ዓመታት ከተገኙት ልምዶች መካከል ጠለቅ ብሎ ሊታይ የሚገባው የመንገድ ደኅንነት ሥራ ነው። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2015 በብሉምበርግ የበጎ አድራጎት ድርጅት የሚደገፈው የዓለም የመንገድ ደኅንነት ፕሮግራም ከመረጣቸው አሥር ከተሞች አንዷ ሆነች። በከተማዋ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር ሲሆን በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት አብዛኞቹም እግረኞች ናቸው። በመርካቶ አጠገብ በሚገኘው የሰባተኛ መስቀለኛ መንገድ የተሞከረው አሠራር ቀላል ነበር። በመጀመሪያ አስፋልቱ ላይ በቀለም የእግረኛ ቦታ ተሰመረ፤ የአበባ ማስቀመጫዎችና ድንጋዮች ተደረደሩ፤ የተሽከርካሪው መታጠፊያ ጠበበ፤ እግረኛው የሚያቋርጠው ርቀትም አጠረ። በዚህ መንገድ ሐሳቡ በሲሚንቶ ከመጽናቱ በፊት ጥቅምና ጉዳቱ በዓይን ይታያል፤ ካልሠራም ቀለሙን መቀየር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው "መንገድ ለሰው" የተሰኘው ከተሽከርካሪ ነጻ ቀንም የኮሎምቢያዋ ቦጎታ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ከምታካሂደው ልምድ ጋር ይመሳሰላል።

ሁለቱ ሥራዎች ርካሽ ከመሆናቸውም በላይ በክፍለ ከተማ ደረጃ ባለ አቅም ሊከናወኑ የሚችሉ ናቸው። የቀላል ባቡሩ ነገር ግን ይለያል። ግንባታው 475 ሚሊዮን የአሜሪካን ዶላር የጠየቀ ሲሆን 85 በመቶ የሚሆነው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው። ሽልማቱ ሲሰጥ መስመሩ ገና የአንድ ዓመት ዕድሜ ነበረው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከ41ዱ ባቡሮች በርካቶቹ በመለዋወጫ እጥረት ከሥራ ውጪ ሆነዋል። ለመለዋወጫ የሚሆን የውጭ ምንዛሪ ማቅረብና የጥገና ባለሙያ ማፍራት የዓለም አቀፍ መድረኮች ድርሻ ሳይሆን የባለቤቱ ተቋም ሥራ ነው። የልምድ ልውውጥ ሪፖርቶች ብዙ ጊዜ ይህን ክፍል በአጭሩ ያልፉታል።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ጥያቄውን ወደ ሠፈር ደረጃ አውርዶታል። ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ዓለም አቀፍ መድረኮች ሲመክሩባቸው የቆዩ ጉዳዮች ናቸው። በየካቲት ወር የዓድዋ ድል መታሰቢያ በተመረቀበት በዚያው ዓመት በፒያሳና አካባቢው በርካታ ቤቶችና የንግድ ሱቆች ፈርሰው ነዋሪዎች ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛውረዋል። የመንገዱ ስፋት በሜትር ይለካል። የእድር፣ የዕቁብና የደንበኛ ትስስር ግን በየትኛውም የንድፍ መመሪያ ሠንጠረዥ ውስጥ አይገኝም። ስለሆነም ይህን የሚመዘግብና የሚከታተል ክፍል በአስተዳደሩ ውስጥ ሊኖር ይገባል።

ኢትዮጵያ ለሌሎች የምታካፍለው ልምድም አላት። በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ ቦሌ ገርጂ ላይ ተሞክሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የሰፋውን የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብር የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች አሰፋፈር ፕሮግራም አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሌሎች አገሮች እንዲጠቅም አሳትሞታል። ጥናቱ የግንባታውን ስፋትና የተፈጠረውን የሥራ ዕድል ከማድነቁ ጎን ለጎን ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ቅድመ ክፍያውን ለመክፈል እንደሚቸገሩም ገልጿል። ይህ ትችት ለውጭ አንባቢ ብቻ የተጻፈ አይደለም። አንዳንዴ የልውውጡ ውጤት ያልተጠበቀ ይሆናል፤ ላይፕዚግ የሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት የስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ አንበሶች በዘረመል ከሌሎቹ እንደሚለዩ አረጋግጧል።

በአገር ውስጥ ጎንደር፣ ጅግጅጋና ወላይታ ሶዶ በየተራቸው ያስተናገዱት የኢትዮጵያ ከተሞች ፎረም ተመሳሳይ ሚና አለው። የኮሪደር ሥራ ወደ ክልል ከተሞች በስፋት በገባበት በአሁኑ ወቅት ከአዲስ አበባ ልምድ የሚወስድ የአንድ መካከለኛ ከተማ ኃላፊ ከንድፉ ጋር ሊጠይቃቸው የሚገቡ ሰነዶች አሉ፦ የዓመታዊ ጥገናው በጀት ከየትኛው ገቢ እንደሚሸፈን የሚያሳየው፣ ለተነሺዎች የተከፈለው ካሳ ዝርዝር፣ እንዲሁም የባቡር መስመሩ የመለዋወጫ ግዥ መዝገብ።